ሾላ ወንዝ ልጁን ለመልስ ሲጠብቅ

ወንዞች በሕግ አንደበት ካገኙ ወዲህ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ማለት ሽምግልና ሆኗል። አሸዋ የፈለገ ሰው እንደ ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ የወንዙን መልስ ይጠብቃል።

አስናቁም ሽማግሌውን ጋሽ ደርብንና ወጣቱን ገምጋሚ አስከትላ ሾላ ወንዝ ዳር ቆመች። ልጇ ልትወልድ ተቃርባለች፤ የምትታረስበት ክፍል ግን የለም።

ወንዙ እንቅልፍ እንዳልለቀቀው ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«የፊተኛዋስ? ሳሎንሽን የሠራሽባት አሸዋ ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ይመስገን።»

«ድሬ ሰጠሁሽ። ለመልስ ብጠብቃት ብጠብቃት ቀረች።»

ገምጋሚው ግራ ገባው። «መልስ የሚሰጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ጋሽ ደርብ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «የሠርጉን መልስ ነው የሚሉት፣ አንተ። ሚስት የለህም?»

አስናቁ ቤቷ ደርሳ ከሳሎኗ ግድግዳ አንድ ቁራሽ ልስን ፈንቅላ ተመለሰች፤ ውኃው ላይ ቀስ አድርጋ አኖረቻት። ወንዙ እያገላበጠ ዳበሳት። ድሮ አሸዋ ሳለች አብራው ስትወርድ አፏ አያርፍም ነበር።

«ምነው ዝም አለችኝ?»

«ሲሚንቶ ይዟት ነው» አለች አስናቁ።

«ትፈታለች?»

አስናቁ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አትፈታም፣ አባቴ።»

ወንዙ «ስንት አሸዋ ላምጣልሽ?» አላት።

«ይቅርብኝ። አራሷ እኔ አልጋ ላይ ትተኛለች» አለችና ጋሽ ደርብንና ገምጋሚውን ይዛ ዳገቱን ጀመረች።

ከኋላቸው ሾላ ወንዝ ቁራሿን ታቅፎ እሹሩሩ ይላል።