ስድስት ቁጥር ከጀርባ

«ይህቺ እኔ ነኝ!» ትላለች መርፌ፣ ጣቷን ፎቶው ላይ ተክላ። «ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ!»

ትጥቅ ያዡ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። በክለቡ ጽሕፈት ቤት ወንበር ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ በር ያለፈው የታጠበ ማሊያ ተሸክሞ፣ በጎን በጎን ነበር። የዋንጫው ቀን እንኳ የቡድኑ ፎቶ ሲነሳ «ጃኬት ያዝልን» ብለው ከካሜራው ጀርባ ነው ያቆሙት። ዛሬ ቸገራቸውና ሰው ልከው አስጠሩት። ስሙንማ የት ያውቁታል፤ «ያንን የትጥቁን ሽማግሌ ጥሩልን» ነው ያሉት።

ፎቶው የጠረጴዛውን ግማሽ ይዟል። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ራቅ ብሎ የግብ መረብ። መሀል ላይ ጀርባዋን የሰጠች ቀጭን ልጅ በግራ እግሯ ኳስ ትመታለች። ፊቷ አይታይም። የሚታየው ጭቃ የጠጣ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። የሴቶቹ ቡድን በታሪኩ አንዲቷን ዋንጫ ያገኘባት ግብ ናት። ነገ ማተሚያ ቤት ገብታ፣ ግድግዳ አክላ፣ እሑድ በአዲሱ መልበሻ ክፍል በር ላይ ትሰቀላለች። ከሥሯ ስም ይጻፍባታል።

«መዝገቡ ስድስት ቁጥር ድንቢጥ ናት ይላል» ይላል ወጣቱ ጸሐፊ፣ በአገጩ ወደ መርፌ እያመለከተ። «እሳቸው ስምንት ናቸው። እኔ የማውቀው መዝገብ ነው፣ አባባ።»

«መዝገብ ማሊያ አያጥብም» ይለዋል ትጥቅ ያዡ።

መርፌ ትስቃለች። ሳቋ ግን ቶሎ ያልቅባታል። መርፌ ያሏት በሁለት ሰው መሀል ኳስ ስለምታሾልክ ነበር። አሁን ወገቧ ሞልቷል፤ ቀኝ ጉልበቷን ሐኪም ሦስት ጊዜ ከፍቶታል፤ ደረጃውንም የወጣችው እንደ ሕፃን አንድ አንድ እያለች ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት መሀል ሜዳ ላይ ለሰው ሳቀብል ኖርኩ፣ ጋሼ። የራሴ የምላት ግብ ይህችው አንዷ ናት። ልጄ አልተኛም ስትል ተረት አላውቅም፤ ይህችን ነው የምነግራት። ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ ኳሷ እግሬን ስትለቅ የተሰማኝን። እሑድ ይዣት እመጣለሁ። መጥታ የድንቢጥን ስም ታንብብ?»

«ድንቢጥስ ምን ትላለች?»

«ደወልኩላት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ‹እቴ፣ እኔ እኮ እኔ መስሎኝ ነው የኖርኩት› አለችኝ።» መርፌ የፎቶውን ጠርዝ በጣቷ ታስተካክላለች። «ስልኩን ማናችን ቀድመን እንደዘጋን እንጃ።»

ጸሐፊው እስኪሪብቶውን ይከፍታል። «እንግዲህ ማሊያ ያደሉት እርስዎ ነዎት፣ አባባ። ስድስትን ለማን ሰጡ?»

ለማን ሰጠ?

ለወንዶቹ በየዓመቱ አዲስ ማሊያ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ለሴቶቹ የታዳጊዎቹ ትራፊ ነበር፤ አንዱ ጉልበት ይደርሳል፣ አንዱ እምብርት አይሸፍንም። ስለዚህ እሱ የሚያድለው በቁጥር ሳይሆን በልክ ነበር። ጠባቦቹ ሁለት ናቸው፣ ስድስትና ስምንት። ቀጫጮቹም ሁለት ናቸው፣ መርፌና ድንቢጥ። ለሁለቱ ይወረውርላቸዋል፤ ያገኘችውን ታጠልቃለች። ከመዝገብ ጋር ያመሳከረ ዳኛ አልነበረም። የሴት ጨዋታ ነው ብሎ ማን አፍጥጦ ያያል?

የዚያን ዕለት ግን መርፌ ስድስትን ለብሳ ወደ ሜዳ ስትገባ አይቷል። በዓይኑ በብረቱ አይቷል። «አንቺ ነሽ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እረፍቱ ትዝ አለው።

በእረፍት መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጆቹ ዝናብ የጠጣውን ማሊያ በበሩ ክፍተት አቀበሉት፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ጨመቀው፤ በጨለማ እየዳበሰ በዚያው ክፍተት መለሰላቸው። ጠባብ፣ ጠባብ፣ ሰፊ፣ ሰፊ። እጅ ነው የተቀበለው፤ የማን እጅ እንደሆነ አላየም። ግቧ የተቆጠረችው ከእረፍት በኋላ ነው።

ታኬታውን ያስባል። የግራው ጫፍ ቶሎ ቶሎ የሚቀደደው የማን ነበር? የሁለቱንም ሰፍቷል። ጣቱ ወስፌውን ያስታውሳል፤ እግሩን አያስታውስም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «የሚጠይቀኝ አጣሁ» እያለ ሲብሰለሰል ኖሮ፣ የጠየቁት ቀን ሆዱ ባዶ ማድጋ ሆኖ ተገኘ።

«ጋሼ?»

«ልጄ… ግራ እግር ነበርሽ እንዴ?»

መርፌ ዓይኗን ታርገበግባለች። «በሁለቱም እመታ የለ እንዴ? እመታ ነበር መሰለኝ። ቆይ፣ ቆይ።» ጃኬቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ትጥላለች። «ፎቶውን ያንሱትና ያስተያዩ። ጀርባ አይዋሽም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቆማለች። ትጥቅ ያዡ ፎቶውን በሁለት እጁ አንስቶ ከጀርባዋ ጎን ይይዘዋል። መርፌ እንደ ፎቶዋ ልጅ ክንዶቿን ትዘረጋለች። ጎንበስ ትላለች። ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ታነሳለች።

ትቆማለች።

አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ ፎቶውን ሰረቅ ታደርገዋለች። ቀኙን ቀስ ብላ ታወርድና ግራውን ታነሳለች።

ጸሐፊው እስኪሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስደግፏል። የቆመችበት፣ ያ ሦስቴ የተከፈተው ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እግሯን ግን አታወርድም።

«እሺ፣ ጋሼ?» ትላለች ለግድግዳው።

ትጥቅ ያዡ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ጀርባዋን ያያል። አንዱ ይንቀጠቀጣል። የቱ እንደሆነ አልለይ ብሎታል።