የአክስቴ ቡሃቃ

ሜርሌ አክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ የእንጨቱን ቡሃቃ በሳሙና እየፈተገችው ነው። በሳሙና! እኔ የአጃ ዱቄቱን ከረጢት እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ደርቄ ቀርቻለሁ። «አትጠቢው!» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሳለች፤ አንዲት ቃል ናት እኮ፣ ግን አላወጣትም።

ለምን? ስለምቀናባታ! በቃ፣ ተናገርኩት። የአጎቴ ልጅ ናት፤ ከዋና ከተማው ከታሊን፣ ከዳቦ ጋገራ ትምህርት ቤቷ የመጣችው ገና ሰኞ ነው፣ ከነሚዛኗ፣ ከነሙቀት መለኪያዋ፣ ከዚያ ከሚያበግን ፀጉሯ ጋር። ቅዳሜ እዚህ ሳሬማ ደሴት የዳቦ ገበያ አለ። አክስቴ ሄልቬ ደግሞ «የሁለታችሁንም አሠራር እንሞክር፣ የጣፈጠው በባለቤቱ ስም ይሸጣል» ብላለች። በስሜ! «የትሪኑ ዳቦ»! አስቡት!

የኔ ሙከራ ግን ሁሌ እንደ ማስቲካ ቢላ ላይ ይጣበቃል። የአጃ ዳቦ አድሮ ነው የሚቆረጠው፣ አውቃለሁ፤ ግን ማን ይታገሳል! የሷ አራተኛ ሙከራ ብቅልና ማር አለው። ትናንት አራት ቁራጭ በላሁ፣ እየተናደድኩ።

«ትሪንዬ፣ አየሽልኝ?» ትላለች ሜርሌ። «ስንት ዓመት የደረቀ ሊጥ ተለጥፎበት ነበር መሰለሽ! አክስቴ ደስ አይላትም?»

«በጣም!» እላለሁ። እኔው ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ!

የደረቀው ሊጥ ራሱ እርሾው መሆኑን እዚህ ደሴት ላይ ሕፃን ልጅ ያውቃል። አክስቴ ማታ ዱቄትና ውሃ ትጨምርበታለች፣ ጠዋት ኩፍ ብሎ ይገኛል። ከተሜዋ የምታየው ኩፍ ያለውን ብቻ ነው።

«ዳቦ አይጥፋ!» እያለች አክስቴ ትገባለች፤ ሁሌም እንዲህ ብላ ነው የምትገባው። ቡሃቃውን ስታይ ትቆማለች። ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ አክስቴ፣ ቆሽሾ...»

«እርሾውስ?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ መስሎኝ...»

አክስቴ አትጮህም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እኔ መሬት ባስቀመጥኩት የዱቄት ከረጢት ላይ ቁጭ ትልና «የእናቴ ነበር» ትላለች፣ በቃ ይህችኑ ብቻ። ሜርሌ ታለቅሳለች። ስታለቅስም ታምራለች፣ አይገርምም? አፍንጫዋ እንኳን አይቀላም!

ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ አንዲት የማርማላታ ጠርሙስ አለች። ማክሰኞ አክስቴ ሳታይ ከቡሃቃው ሁለት ማንኪያ ሊጥ ሰርቄ ከትቼባታለሁ፤ ቤት ብቻዬን ሞክሬ ሜርሌን ጉድ ልሠራት። እና ዝም ብል... ይሄ እርሾ በዓለም ላይ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። እኔ ጋ ብቻ!

አክስቴ ባዶውን እንጨት በመዳፏ ትዳብሰዋለች፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳበስ።

ኧረ በናታችሁ! ጠርሙሷን አውጥቼ የአክስቴ ጉልበት ላይ አስቀምጣለሁ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ሰርቄ።»

«ስታጥበው አይተሻታል?»

«...አይቻታለሁ።»

አክስቴ «አንቺ ቀናተኛ!» ትላለች። «ለሜርሌ ስጫት። የቅዳሜው የሷ ነው።»

እሰጣታለሁ። ጣቶቼ ግን ቶሎ አይለቁም፣ ትንሽ መጎተት አለባት። ክዳኑ ሲከፈት ፍስስ ይላል፣ ሊጡ አረፋ በአረፋ ሆኗል። እኔ ጋ እንዲህ ኩፍ ብሎ! ሜርሌ ሁሉንም ቡሃቃው ውስጥ ትገለብጥና በእርጥብ እጇ ጥምጥም ትልብኛለች። «ትሪንዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» ምንም አልገባትም እኮ!

ከዚያ ባዶዋን ጠርሙስ ይዛ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። የጠርሙሷ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የቀረችውን የእርሾ ቅሪት አያታለሁ። ውሃውን ትከፍታለች።

«አትጠቢው!»