ቀዩ ገመድ

ኡጋንዳ፣ በአፍሪካ የካያክ ጀልባ ውድድር ላይ፣ ትርሲት ማዕበሉ ላይ ስትሽከረከር አሰልጣኟ ከዳር ሆኖ ወገቧን አየና ክው አለ። ከጀልባዋ ጋር የሚያያይዛት የጎማ ሽፋን ተስቦ የሚከፈትበት ቀይ ገመድ አይታይም። ውሃ ከመግባቷ በፊት በእጁ መንካት ነበረበት፤ ረሳው። እሷ ደግሞ በተገለበጠች ቁጥር ገመዱን ስባ ነው የምታመልጠው፤ በመቅዘፊያዋ ተመልሳ መቃናቱን ስትፈራው ኖራለች።

ተገለበጠች።

«ገመዱ ውስጥ ቀርቷል! ድረሱላት!» እያለ ወደ ወንዙ ሮጠ። የጀልባዋ ሆድ ብቻ አረፋው ላይ ይንሳፈፋል። ድንገት መቅዘፊያው ብቅ አለ፤ ከዚያ ትርሲት ራሷ።

ዳር ስትደርስ አቀፋት። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ገመዱን ሳላየው...»

«ጋሼ» አለች ሳል እያጣደፋት፣ «ካገኘሁት እስበዋለሁ ብዬ እኔው ነኝ የደበቅኩት።»