የማይንጠባጠብ ፓምፕ

ሞተሩ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ ይላል። ፍጥነቱን በሚቆጣጠረው ሳጥን ላይ ቀዩ መብራት እንደገና ይበራል።

«ድገመው!» ይላል የወረዳው ካድሬ ጓድ ግዛቸው። የሁሩታ ገበሬዎችን አዲስ የመስኖ ፓምፕ የሚመርቁት እንግዶች ከአሰላ ተነስተዋል።

መካኒኩ ካሣዬ እጁን ከማብሪያው ያነሳል። «ካስገደድነው ይቃጠላል፣ ጓድ።»

«እንግዲያው አሻጥር ነው። ሌሊት እዚህ ያደረው ማነው?»

ያደሩት ጥበቃው ጋሽ ሀሰኖ ናቸው። ጠመንጃ ያነገተው አብዮት ጠባቂ ክንዳቸውን ይዞ ያቀርባቸዋል።

«ወላሂ! ይህን ብረት በጣቴም አልነካሁት!»

«በወላሂ ውኃ አይወጣም፣ ሽማግሌ። እስር ቤት ስታድር ትዝ ይልሃል።»

ካሣዬ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ከፓምፑ የሚያገናኘውን ዘንግ በእጁ ለማዞር ይሞክራል። ንቅንቅ አይልም። ዐይኑ ዘንጉ ወደ ፓምፑ በሚገባበት አንገት ላይ፣ ሁለቱ ብሎኖች ጋ ያርፋል።

ትናንት ከዚያ አንገት ውኃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ጠብ ማለትም ነበረበት፤ ውስጥ ያለው ማሸጊያ ገመድ ዘንጉን አንቆ እንዳይዝ የሚያረጥበው ያ ጠብታ ነው። ግዛቸው አየና፣ «ለእንግዳ የሚያፈስ ፓምፕ ልናሳይ ነው? አጥብቀው!» አለ። ካሣዬም እያወቀ፣ «እሺ ጓድ» ብሎ ጠብታው እስኪደርቅ አጠበቀው። አሁን ያ «እሺ» እንደ ዋጠው ዝንብ ጉሮሮው ላይ ይላወሳል።

መፍቻውን አንስቶ ብሎኖቹን ያላላል። አንዲት ጠብታ ትወርዳለች። ዘንጉ በእጁ ይዞራል። ማብሪያውን ሲጫን ሞተሩ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይፈጥናል፤ ውኃው እየተንፎለፎለ ቦዩ ውስጥ ይገባል።

«ይኸው!» ግዛቸው ያጨበጭባል። ወደ አብዮት ጠባቂው ዞር ይልና፣ «ሽማግሌውን ግን ውሰደው። አንድ ሰው መጠየቅ አለበት።»

ካሣዬ መፍቻውን ያስቀምጣል።

«ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» ይላል። «ያዘዙኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ጋሽ ሀሰኖን ካስወሰዱ ይህንኑ ለእንግዶቹ እነግራቸዋለሁ።»

እንግዶቹ በሚመጡበት የኢተያ መንገድ አቧራ ይነሳል። ግዛቸው ወደ አቧራው ያያል።

«ልቀቀው» ይላል ጥርሱን ነክሶ። ከዚያ ወደ ፓምፑ አንገት ይጠቁማል። «ይህችን ጠብታ ግን ዝጋት።»

«አልዘጋትም።»

ግዛቸው ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ይንበረከካል፤ ከፓምፑ አንገት ሥር፣ በሲሚንቶው መደብ ጠርዝ ላይ ደልደል አድርጎ ያነጥፈዋል። ተነስቶ ጉልበቱን ያራግፋል፣ እዚያው ቆሞ ለእንግዶቹ ፈገግታውን ያዘጋጃል።

መሐረቡ ቀስ በቀስ ይረጥባል። ከጫፉ ዝገት የመሰለ ጠብታ ይንጠለጠልና በግዛቸው የተወለወለ ጫማ ላይ ጠብ ይላል።