ቀድሞ የመጣ ምስጋና

ሰዎች ስለ ቤት ጥገና የሚመካከሩበትን ድረ ገጽ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት «አመሰግናለሁ» የሚለውን ቁልፍ ቀየርኩት፤ ያመሰገነ ሰው ምን እንደጠቀመው መጻፍ አለበት።

«ምስጋና ከነማስረጃው?» አለ ባለቤቴ ጢሙን እየተላጨ። «ነገ ደግሞ ሦስት ምስክር ትጠሪያለሽ።»

ሰኞ ጠዋት አንዲት አባል አመሰገነችኝ፦ «ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ የነገርሽኝ ሠራልኝ።» ስለ ቧንቧ ምንም አልጻፍኩም ነበር። ከሰዓት በኋላ እሷው ራሷ ቧንቧዬ ያንጠባጥባል ብላ ጠየቀች። መለስኩላት። የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ሲጢጥ ስለሚል በር ተመሰገንኩ፤ ጥያቄው የመጣው ረቡዕ ነው። እሱንም መለስኩ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ እንደ ልማዱ እያፏጨ መታጠቢያ ቤት ገባ። እኔ ሻዬን ይዤ ገጹን ከፈትኩ። አርባ ሦስት ምስጋና ተደርድሯል፤ ሁሉም ለአንድ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያውን አነበብኩ።

«ባልሽ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ከቀረ በኋላ ብቻሽን እንዴት እንደቆምሽ የጻፍሽው አበረታኝ። አይዞሽ እህቴ።»

ስሙን ጠራሁት። ውሃው ይፈስሳል። ፉጨቱ ቆሟል።