የጋራ ፋይል

የሀገሩን ሕዝብ የጤና ፋይል በአንድ ቋት ማከማቸት የጤና ቢሮውን ሰርቨር ስላዘገየው፣ የሚመሳሰሉ ፋይሎች አንድ ይሁኑ ተባለ። ወይዘሮ ደብሪቱና ባለቤታቸው አቶ ሽብሩ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተው የልብ ምታቸው ሳይቀር ተመሳስሏልና በአንድ ፋይል ገቡ። ሰርቨሩ እፎይ አለ። ለሁለቱ በቀን አንድ የደም ግፊት ክኒን ይመጣ ጀመር፤ ደብሪቱ በቢላ እየገመሱ ያካፍላሉ።

አቶ ሽብሩ ከተቀበሩ በሦስተኛው ሳምንት ከጤና ቢሮ ተደወለ።

«እማማ፣ ለማጣራት ነው። ከሁለታችሁ አንዱ ካረፈ ፋይሉ ይዘጋል፤ ክኒኑም ይቋረጣል። ሁለታችሁም አላችሁ?»

«አለን፣ ልጄ። ተመስገን።»

ስልኩን አስቀምጠው የዛሬውን ክኒን ገመሱ። ግማሹን ዋጡ፤ ግማሹን እንደ ልማዳቸው አልጋው ራስጌ ላይ፣ በባላቸው በኩል አኖሩት።