የጎብናት መደብ

ጎብናት በድንች መደቧ ላይ ተንበርክካ አፈሩን በጣቶቿ ትፈለፍላለች። አካፋ አልፈለገችም። አካፋ ይቆርጣል፤ ደግሞም ከታች ያለውን ነገር ከብረት በፊት እጇ እንዲያውቀው ትፈልጋለች።

ከድንጋይ ካቡ ማዶ ጎረቤቶቿ ቆመዋል፤ አሥራ አንድ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ካቡ ለሰው አይበቃም ነበር። እኩሌታው በመርከብ፣ እኩሌታው በቃሬዛ ሄዷል።

«ይሸታል እንዴ?» ትላለች አንዷ።

«ዝም በይ፣ ላሽትበት» ይላሉ ሽማግሌው ኮልማን። «እኔ እንኳ ለመሞት ቀጠሮ ነበረኝ። የጎብናትን ድንች ሳላይ አልሄድም ብዬ አስተላለፍኩት።»

ያን ሽታ ሁሉም ያውቀዋል። አምና በነሐሴ፣ ማታ ለምለም የነበረ ማሳ ሲነጋ ጠቁሮ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ በመላው አየርላንድ ነፋሱ ራሱ ብስባሽ ብስባሽ ይሸት ጀመር።

ባሏ ታይግ ከሰዎቹ ተለይቶ ቆሟል። ሊያግዛት አልመጣም።

በመጋቢት ቤታቸው የቀረው ቅርጫት የማይሞላ ድንች ነበር። ጎብናት ከእያንዳንዱ ድንች ቡቃያ የሚወጣባቸውን ዓይኖች በቢላ እየፈለቀቀች ሌላውን ቀቀለች። ዓይኖቹን ለዘር ብላ ከጣራው ሣር ውስጥ ሸሸገቻቸው። የባሏ እናት በረሃብ ከመኝታቸው መነሣት አቅቷቸው «እሱኑ አቅምሺኝ፣ ልጄ» እያሉ ለመኗት። አልሰጠችም። ዘሩን በተከለች በሦስተኛው ሳምንት እሳቸውን ቀበሩ።

«ለእናቴ የነፈግሽውን ለአፈር ሰጠሽ» አላት ታይግ ከቀብር ሲመለሱ። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ተቀምጦ አያውቅም።

ጣቷ ክብ ነገር ይነካል። ምች የመታው ድንችም ሲነኩት ክብ ነው፤ ሲጫኑት ነው እንደ መግል የሚፈርጠው። ትጫነዋለች። አይሰምጥም። ደግማ ትጫነዋለች። እንደ ሕፃን ተረከዝ ጥጥር ያለ ነው።

ታወጣዋለች። በቀሚሷ ጠርጋ በጥፍሯ ትልጠዋለች። ነጭ ነው።

ኮልማን ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ጎብናት እንደገና እጇን ትሰዳለች፤ ሌላ ይወጣል። ሌላም። አንዲት ጥፍር ከማታህል ዓይን፣ ከዚያች ከአንዷ ብቻ፣ ሰባት ድንች ወጥቶ ጭቃው ላይ ተደርድሯል።

«የፈጣሪ ያለህ» ይላል አንድ ድምፅ፣ እንደ ፈራ ሰው ዝቅ ብሎ።

ታይግ ካቡን ተሻግሮ ይመጣና ፊት ለፊቷ ይንበረከካል። አንዱን አንሥቶ ያገላብጠዋል።

«ስንት ዓይን ነበር?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።»

«ቆጥረሽዋል?»

«የቆጠሩት እናትህ ናቸው።»

ቀና ብሎ ያያታል።

«ሲለምኑኝ እንቢ አልኳቸው፤ ማታ አስጠሩኝ» ትላለች ጎብናት። «‹ረሃብ ሌባ ያደርጋል፤ ጠዋት ጠዋት አምጪልኝና ልቁጠረው፤ ቢጎድል እንዳውቅ› አሉኝ። እስክተክለው ድረስ በየጠዋቱ፣ አንተ ከወጣህ በኋላ፣ ትራሳቸው ላይ እያፈሰስኩላቸው ቆጠሩ። አንድ አልጎደለም።»

«ምነው ታዲያ ያን ጊዜ ብትነግሪኝ?»

«ቢበሰብስስ? እናትህ በከንቱ ነው የታገሡት ልልህ ነው? በኔ ብትቆጣ ይሻላል ብዬ።»

ታይግ ሁለት እጁን ከእጆቿ አጠገብ አፈሩ ውስጥ ይሰዳል፤ አብረው ይፈለፍላሉ።

አንዷ ጎረቤት ድስት ይዛ ትመጣለች፣ ሌላው እሳት። እዚያው መደቡ ጫፍ ላይ ሦስት ጉልቻ ይጎለታል። ድንቹን ከተው ውሃው እስኪፈላ ይጠብቃሉ።

ኮልማን ክዳኑን ይገልጣሉ። ድንች በስሎ ልጣጩ ሲተረተር፣ ውስጡ እንደ ዱቄት ፈክቶ ሲታይ፣ በዚህ አገር ሳቀ ነው የሚባለው።

«ሳቀ» ይላሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

አሥራ ሦስት ሰው በእንፋሎቱ ላይ አጎንብሶ ያያል። የታይግ እናት ያልቀመሱትን ቀድሞ ለመቅመስ የማንም እጅ አይዘረጋም።